ፍላጎት ወይስ ፍርሃት? ስለ ለስላሳና ስለ ታሸገ ውሃ ገበያ

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው አንድ ሥዕል አለ። ከግራ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚሄድ መስመር ነው፤ ዋጋ ሲወጣ የሚገዛው መጠን ይቀንሳል፤ ዋጋ ሲወርድ ይጨምራል። ስሙንም «የፍላጎት መስመር» እንለዋለን። በአማርኛችን «ፍላጎት» የሚለው ቃል መሻትንም፣ መውደድንም፣ ገንዘብ ይዞ ገበያ መውጣትንም ባንድነት ተሸክሞ ስለሚዞር፣ አንድ ሸቀጥ በብዛት ተሸጠ ሲባል ሕዝቡ ወደደው ማለት ይመስለናል። ይህ አስተሳሰብ በጨርቅና በጫማ ላይ ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችላል። በመጠጥ ውሃ ላይ ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም ብለን ስለምናምን፣ ውድ አንባብያን ሆይ፣ በዚህ እትም ጥቂት ልንልበት ወደድን።

የታሪኩን ነገር በአጭሩ እንለፈው። የአምቦ ውሃ በጠርሙስ እየተሞላ መሸጥ የጀመረው በ1920ዎቹ ነው። ኮካ ኮላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ፋብሪካ አቆመ፤ ፔፕሲም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው የመንግሥት ሆኑ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ወደ ግል ባለሀብቶች ተዛወሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን መጠጡ የሚቀርበው በብርጭቆ ጠርሙስ ነበር። የብርጭቆ ጠርሙስ የራሱ ሕግ አለው፤ ባዶውን ሳይመልሱ ሙሉውን መውሰድ አይቻልም። ጠጪው ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ ወይም ባዶ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ይጠጣል፤ ጠርሙሱን አስረክቦ ይሄዳል። ወደ ቤቱ ሊወስድ የፈለገ መያዣ ያስይዛል። በዚህም ምክንያት ለስላሳ የቦታና የጊዜ ነገር ሆኖ ቆየ፤ የበዓል፣ የሠርግ፣ የእንግዳ።

በ1990ዎቹ ግን «ሃይላንድ» የሚባል የታሸገ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ገበያ ላይ ዋለ። የአንድ ፋብሪካ የንግድ ስም የነበረው ቃል የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዛሬ በየገበያው «አንድ ሃይላንድ ዘይት»፣ «ግማሽ ሃይላንድ ማር» ሲባል የሚገረም የለም። ውሃውን ቀምሶ የማያውቅ ገበሬ ጠርሙሱን ግን ያውቀዋል፤ ነጭ ጋዝ ይቀዳበታል፣ አረቄ ይይዝበታል፣ ወተት ለልጁ ይልክበታል። ለጥናት ወደ ገጠር የወጣን ተማሪዎች ይህን ያላየን የለንም። እንግዲህ ባዶው ጠርሙስ ከሙሉው ቀድሞ ገጠር ገባ ማለት ነው። ፕላስቲኩ ተመላሽ ስላልሆነም መጠጡ ከሱቅ ደጃፍ ተላቀቀ፤ አውቶቡስ ተሳፈረ፣ ስብሰባ ገባ፣ ለቅሶ ቤት ደረሰ።

የለቅሶ ቤቱን ነገር ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ቀደም ሲል እድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ በርሜሉንና ኩባያውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ለቀስተኛውም ከበርሜሉ እየተቀዳለት ይጠጣል። ዛሬ በከተማ ለቅሶ ሊደርስ የሚሄድ ሰው እሽግ ውሃ በክንዱ አቅፎ ሲገባ እናያለን። ማንም አዋጅ አላወጣበትም፤ የእድር ዳኛም አልወሰነበትም። መጀመሪያ ከእንጀራው ጋር ተጨመረ፤ ቀጥሎ እንጀራውን የሚተካበት ቤት በዛ፤ አሁን ባዶ እጁን የሄደ ሰው አንገቱን ይደፋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። ይህን የገበያ አጥኚዎች «የታሸገ ውሃ ፍላጎት አደገ» ብለው ይመዘግቡታል። እኛ ግን ከዚህ እድገት ውስጥ ስንቱ ጥማት፣ ስንቱ ይሉኝታ እንደሆነ እንዲለዩልን እንጠይቃለን።

ስለ ለስላሳውም ከብዙ ወዳጆቻችን የተለየ አስተያየት አለን። ወጣቱ ለስላሳ የሚያበዛው ማስታወቂያ አታሎት፣ የውጭ ነገር ማርኮት ነው የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሀገራችንን ማዕድ አስተውለው ቢያዩ ሌላ ምክንያት ያገኙ ነበር። ሙስሊሙ ጠላና ጠጅ አይጠጣም፤ ከፕሮቴስታንቶቹም ብዙዎቹ አይነኩትም፤ በጾም ወራት የኦርቶዶክሱ ምእመን ወተትና እርጎ ትቷል፤ አንዳንዱን ደግሞ ሐኪሙ ከአልኮል ከልክሎታል። ሠርግ የደገሰ ሰው ይህን ሁሉ እንግዳ በአንድ ድንኳን ሊያስተናግድ ነው። ብርዝ ነበር፤ ማሩ ተወደደ። የሱፍና የተልባ ውሃ ጾመኛውን ያረካሉ፤ ግን መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማጥለል ይጠይቃሉ፤ ለአምስት መቶ ሰው ማን ይወቅጣል? የሚወቅጡት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ስለሆኑ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ለስላሳ ግን እስኪከፈት አይበላሽም፣ ከማንም ሃይማኖት ጋር አይጣላም፣ እንግዳው ዓይኑ እያየ ስለሚከፈትለትም አይጠረጠርም። በዚህ አኳኋን ብናየው የለስላሳ ፍላጎት ለአንድ እውነተኛ ችግር የተገኘ መልስ ነው። መልሱን ከማንቋሸሽ በፊት ችግሩን ማወቅ ይገባል።

ይህን ስንል ዋጋው በብር ብቻ የሚከፈል አለመሆኑን ዘንግተን አይደለም። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ አንድ ጠርሙስ ኮላ ወደ 30 ግራም የሚደርስ ስኳር ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በምግቡና በመጠጡ ላይ የሚጨመርለት ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል መክሯል። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ጠጥቶ፣ ጧትና ማታ ሻዩን በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚያጣፍጥ ጓደኛችን ሒሳቡን ራሱ ይሥራው። ማልት የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካገደ ወዲህ፣ አልኮል የሌለበት የብቅል መጠጥ ለቢራ ጠማቂዎች የተከፈተ ጓሮ በር ሆኗል ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ወደ ውሃው እንመለስ፤ ዋናው ነገራችን እሱ ነውና።

የታሸገ ውሃ የገዛን ሰው «ለምን ገዛህ?» ብንለው፣ ጣዕሙ ስለሚጥመኝ የሚለን ጥቂት ነው። አብዛኛው «የቧንቧውን ስለማላምነው» ይለናል። አለማመኑም ምክንያት አለው። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ ያልጎበኙት ቤት ማግኘት ይከብዳል። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ደግሞ፣ የምህንድስና መምህሮቻችን እንደሚያስተምሩን፣ ቧንቧው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት በስንጥቁና በመገጣጠሚያው በኩል ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ከዚያም ሮቶ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሮቶው መቼ እንደታጠበ የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ ደግ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ የችግሩ ዓይነት ይለያል። በዝዋይ፣ በወንጂና በሌላም ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የተፈቀደው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚያ ምድር ከዚህ የሚያልፍ ጉድጓድ ብዙ ነው፤ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጣመማል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም። እንዲህ ካለ አገር የመጣ ተማሪ እሽግ ውሃ ሲገዛ «ቅንጦት ለመደ» የሚለው ቢኖር ነገሩን አላወቀውም።

እንግዲህ ይህ ፍላጎት ከምን ይመደብ? እኛ ፍርሃት እንለዋለን፤ በገንዘብ የተገለጠ ፍርሃት። ፍርሃት መሆኑን ደግሞ ከዋጋው ጠባይ ማወቅ ይቻላል። አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቢሞላ 2,000 ጠርሙስ ይወጣዋል። አንባቢ የቤቱን የውሃ ቢል አውጥቶ አንዱ ሜትር ኪዩብ ስንት እንደተከፈለበት ይመልከት፤ ከዚያ የአንዱን ጠርሙስ ዋጋ በ2,000 ያባዛ። እኛ በዝግጅት ክፍላችን አስልተነዋል፤ ውጤቱን እዚህ ብናሰፍረው የስቴንስል ስሕተት ይመስላል ብለን ተውነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃም ሆነ የለስላሳው ቅመም ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ የሁለቱም ዋጋ እንደሚወጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም ነበር። ያ የመጀመሪያ ዓመት ሥዕል እንደሚለው ዋጋ ሲወጣ ገዢው ይቀንሳል። ለስላሳ ለምዶ የነበረው ወደ ሻይ ሊመለስ ይችላል። የቧንቧውን ውሃ የፈራ ሰው ግን ወዴት ይመለሳል? አቅም ካለው ከሥጋው፣ ከመጽሐፉ፣ ከታክሲው ቀንሶ ይገዛል፤ አቅም ከሌለው የፈራውን ይጠጣል። በሁለቱም ሰዎች ልብ ያለው ፍላጎት አንድ ነው፤ በገበያው መዝገብ ላይ የሚጻፈው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። የሚጮኽበት አፍ ያለው ሰው ጠርሙስ ገዝቶ ከቧንቧው ሰልፍ ሲወጣ፣ ስለ ቧንቧው የሚናገር እየጠፋ ይሄዳል። ባለሥልጣኑ በጠርሙስ ይጠጣል፤ ጋዜጠኛው በጠርሙስ ይጠጣል፤ መምህሩም፣ የተማሪ ማኅበሩም እንደዚሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ስለ 2012 ዓ.ም. ባወጡት ግምት ከሀገራችን ሕዝብ መሠረታዊ የሚባለውን የመጠጥ ውሃ አገልግሎት የሚያገኘው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ብቻ ነው። ለቀረው ግማሽ የታሸገ ውሃ መስፋፋት ምን ይጠቅመዋል? ፋብሪካው ሥራ ይሰጣል፣ ግብር ይከፍላል ይሉናል። እውነት ነው፤ አልተጣላነውም፤ ፋብሪካውም ይሥራ። የምንቃወመው የሽያጩን ቁጥር እያነሱ ኑሯችን ለመሻሻሉ ማስረጃ ማድረግን ነው። የክራንች ሽያጭ ጨመረ ተብሎ አገር በእግሩ ቆመ አይባልም።

አገርን ለማቅናት ከመነሣታችን በፊት ግን ግቢያችንን እንመልከት። ማኅበራችን ስብሰባ በጠራ ቁጥር በመድረኩ ጠረጴዛ ላይ በየወንበሩ ፊት አንድ አንድ ጠርሙስ ተደርድሮ ይታያል። በአዳራሹ ከተቀመጠው ተማሪ አብዛኛው ከምግብ ቤቱ በር አጠገብ ካለው ቦኖ ጠጥቶ የመጣ ነው። ተናጋሪዎቹ ስለ እኩልነት ሲናገሩ ጉሮሯቸውን የሚያርሱት ግን አድማጩ በማያገኘው ውሃ ነው። ሥርዓቱን ማን እንደጀመረው አናውቅም፤ ክፋት አስቦ የጀመረው ያለም አይመስለንም፤ እንደ ለቅሶ ቤቱ እሽግ ቀስ ብሎ የገባ ነው። የቦኖው ውሃ ደግ ይሁን መጥፎ ይሁን ግን ካፉ የሚጠጣውም፣ ከመድረክ ሆኖ የሚሸሸውም የሚያውቅ የለም። ሁላችንም በግምት እንጠጣለን፤ በግምትም እንፈራለን።

ይህ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሊሆን አይገባውም። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ አለን። የቀረውን ክሎሪን፣ ኮሊፎርም የሚባሉትን ተሕዋስያን፣ የውሃውንም ድፍርስነት መለካት ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የተለመደ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። መምህሮቻችን ፈቃዳቸው ቢሆን ይህ የሙከራ ሥራ ከእንግዲህ ወዲያ ከመጽሐፍ በተገኘ ናሙና መሆኑ ቀርቶ ከግቢው ቦኖዎች በሚቀዳ ውሃ ይሁን፤ ውጤቱም በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የግቢው አገልግሎት ክፍልም ሮቶዎቹን ባጠበ ጊዜ የታጠቡበትን ቀን በጎናቸው ላይ በቀለም ይጻፍልን። በተማሪዎች መዝናኛ ክበብ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በጆግ ይቅረብ፤ ሻይ የሚያፈላ ሰው ውሃ ማፍላት አያቅተውም። ማኅበሩ ደግሞ ይህ እስኪፈጸም ለመድረኩ ጠርሙስ መግዛቱን ያቁም፤ ከጆጉ ይጠጣ።

«ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ተማሪውን ማስደንገጥ አይሆንም ወይ?» ያሉን አንድ መምህር አሉ። በአክብሮት የምንመልሰው፣ ተማሪው በየሴሚስተሩ ሆዱን ይዞ ክሊኒክ ሲሰለፍ መደንገጡ አልቀረለትም የሚል ነው። መጥፎ መሆኑ ከታወቀ የትኛው ቦኖ እንደሆነ ይለያል፤ ያ ቦኖ ይዘጋል ወይም ይጠገናል፤ እስከዚያው ከደኅናው እንቀዳለን።

የመመርመሪያውን ኬሚካል ዋጋ በተመለከተ፣ ለመድረክ ውሃ በየስብሰባው ከሚወጣው ሒሳብ ሊሸፈን እንደሚችል የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ገልጸውልናል። ሐሳቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ከጸደቀ ናሙናው ከሴቶች መኝታ ቤት ኋላ ካለው ቦኖ ቢጀመር እንመርጣለን፤ እዚያ ያለው ሮቶ ክዳን የለውም።