«መጤ» እያልክ ማኪያቶ ትጠጣለህ?

ትናንት ጠዋት አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ከኋላዬ የሚወራውን ሳልፈልግ ሰማሁ። (የአስተማሪ ጆሮ ጡረታ አይወጣም፤ ይቅርታ።) ወሬው ሰፈር ውስጥ ስለተከፈተ የሱዳኖች ፉል ቤት ነው። «ሰፈሩን እኮ ወረሩት! መጤ ሁላ! ነገ ደግሞ የምንበላውን ሊቀይሩብን ነው» ይላል አንዱ። ዞር ስል የድሮ ተማሪዬ ነው። «ውይ ቲቸር!» ብሎ ተነስቶ ሳመኝ። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? ማኪያቶና ቦምቦሊኖ።

ጓደኞቹ ፊት ላሳፍረው አልፈለግኩምና ዝም አልኩ። ግን ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ይህን ቃል የሚያወራው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ።

እስቲ የአዲስ አበባን ሜኑ አብረን እንይ። ማኪያቶ፣ ላዛኛ፣ ኮቶሌታ፣ ፉርኖ ዳቦ፣ ጀላቲ፦ ስማቸው ራሱ ጣሊያንኛ ነው። በጾም የምናዘው ፓስታ በስጎስ? «ስጎ»ም የነሱ ቃል ነው። ፒያሳ ያለው ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና ሲቆላ ኖሯል፤ ስሙ የጣሊያንኛ ቃላት ምህጻረ ቃል ነው። «ፒያሳ»ም እንደዚያው። ፉልና ሳምቡሳ ከአረቦች ጋር ያለን የረጅም ዘመን ጉርብትና ውጤት ናቸው፤ መርካቶን ከየመን የመጡ ነጋዴዎች ሳይነሱ መተረክ አይቻልም። የከተማዋ ኩራት የሆነው ክትፎ ቤትስ? ከጉራጌ አገር ወጥቶ፣ ሥራ ሳይንቅ ጥሮ ግሮ የከፈተው ሰው አይደለም እንዴ? እሱም በዘመኑ «መጤ» ተብሏል።

«የምንበላውን ሊቀይሩብን ነው» ለሚለው ደግሞ፦ ሮም ሄደህ ማኪያቶ ብታዝ የለመድከውን አታገኝም። ጠብታ ወተት ያረፈባት ትንሽ ቡና ነው የሚሰጡህ። ይሄ ወተቱ በዝቶ፣ ከላይ አረፋ ደፍቶ በብርጭቆ የሚመጣው የኛ ነው። በኛ ቡና፣ በኛ እጅ ተለውጦ የኛ ሆነ። ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ የሚጎርስ ሕዝብ «ምግቤን ቀየሩብኝ» ብሎ ማልቀስ አያምርበትም። ቀያሪው እሱ ራሱ ነው!

«ጣሊያን እኮ በጠመንጃ ነው የመጣው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ከ1928 እስከ 1933 የሆነውን፣ የየካቲት 12ን ደም፣ ማንም ማኪያቶ አያጥበውም። ግን ይህ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ከወራሪ ጋር የመጣውን ፓስታ አቅፈን፣ ከጦርነት ነፍሱን ይዞ የሸሸ ጎረቤት ያበሰለውን ፉል እንጸየፋለን? ሚዛኑ የት ሄደ?

«የቤት ኪራይ ጨመረብን» የሚለው ክርክር ግን ቀላል አይደለም። እኔም ተከራይ ነኝ፤ ያመኛል። ነገር ግን ኪራዩን የጨመረው ማን ነው? ስደተኛው ወይስ አከራዩ? ስደተኛውም እኮ ያንኑ ኪራይ እየከፈለ ነው። ቁጣህን አቅም ወደሌለው አታዙረው።

አሁን ውጭ ላላችሁት ወዳጆቼ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተሰደዱ ወገኖቻችን ዋሽንግተን ዲሲ ገብተው አዳምስ ሞርጋንን፣ ኋላም ዩ ስትሪትን በእንጀራና በወጥ ሽታ የሞሉት በምን ሆነና? ብዙው ሰው የተማረበት ሙያ አልሠራለት ሲል እናቱ ጓዳ ያየውን ይዞ ወጣ። አሜሪካዊው ያለ ሹካ መብላት ለመደ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈር በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ሲሰየም ደረታችንን ነፍተናል። እዚያ ስንሆን ኩራት፣ እዚህ ሌላው ሲያደርገው ወረራ?

ሕጉ እንኳ ከኛ ቀድሟል። የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ ሠርቶ የመኖር መብት ይሰጣል። ወረቀት ላይ ያለው ግን በቀላሉ መሬት አይወርድም፤ ፈቃድ ማግኘት ፈተና ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ ማንም ያስፈራራዋል፣ ማንም ይበዘብዘዋል። የሰፈር ሰው «መጤ» ባለው ቁጥር የሚያስፈራራው ጉልበት ያገኛል። ቃል ብቻ አይደለም ልጆቼ፤ የሰው እንጀራ ይዘጋል።

እኔ ዛሬ ጠዋት እዚያ ፉል ቤት ሄጄ በላሁ። ዘይትና ከሙን፣ አይብም አለበት፤ ዳቦው ትኩስ ነው። በእኛ ቃሪያ ሲበላ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ባለቤቱ ቃሪያውን ማቅረብ የጀመረው ደንበኛ ሲጠይቀው መሆኑን ነገረኝ። አያችሁ? ተጀምሯል።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው እንገናኝ። ሂሳቡ በኔ ነው። ከዚያ በኋላ ማኪያቶውን አንተ ትጋብዘኛለህ።