የስድሳ ሰው ውሸት

ወገኖች፣ የሰሞኑን የአማርኛ ፊልሞች አይታችኋል? ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር ከየት መጣ የማይባል የስድሳ ሰው ቫዮሊን ይንጫጫል። ስድሳው ሰው የታለ? ቢባል አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ኮምፒዩተር! አቀናባሪውን አንወቅስም፤ ጥቂት ብርና ጥቂት ቀን ሰጥተው «ሆሊውድ አስመስልልን» ያሉት ሌሎች ናቸው። ድህነት አያሳፍርም። በውሸት ቫዮሊን መሸፈኑ ነው የሚያሳፍረው።

ውሸት ያልንበት ምክንያት አለን። እውነተኛ ኦርኬስትራ ሲቀዳ ማይክሮፎኖቹ ከመሪው ራስ በላይ ይሰቀላሉ። የአንዱ ቀስት ከጎረቤቱ በጥቂቱ ይዘገያል፤ ያቺ መዘግየትና የአዳራሹ አየር ናቸው ብዙ ሰው መኖሩን የሚናገሩት። ርካሽ ኪቦርድ ግን ያንኑ ቅጂ ደጋግሞ ይተፋል። ደግሞስ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት በሁለት ቁልፎች መካከል የሚያገኘውን ድምፅ ኪቦርዱ ከየት ያመጣዋል?

ኦርኬስትራ ማለት የግድ ቫዮሊን ነው ያለው ማነው? እ.ኤ.አ. በ1963 ሃሊም ኤል-ዳብ የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናን፣ ዋሽንትን ባንድ ላይ አስቀምጦ አሳይቷል። ኋላ ቡድኑን የመራው ተስፋዬ ለማ ነው፤ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) ሙዚቃም የሠራው እሱው ነው። ያ ዘመን አለፈ የሚል ካለ ደግሞ «ጤዛ»ን ይመልከት፤ የጆርጋ መስፍንና የቪጃይ አየር ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2008 ካርቴጅ ላይ ተሸልሟል።

«ስቱዲዮ የለንም» ትሉን ይሆናል። እኛ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሞከርነው። ባዶ የብሎኬት ክፍል እንደ ጣሳ ያስተጋባል፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ማዕዘኑ ላይ ፍራሽ አቆምን። ማሲንቆውን ከማይኩ አንድ ክንድ አራቅነው፣ ዋሽንቱን ትንፋሹ ማይኩን እንዳይመታ ወደ ጎን አዞርነው። ሦስት ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ተሰማ፣ በቃ።

ሚክሱ ላይ ያለው ጥፋት ይብሳል። ተዋናይዋ ስትናገር ሙዚቃውን ሽቅብ ይለቁታል፣ ቃሏ ይሰጥማል፤ ተመልካቹም «ምን አለች?» እያለ ጎረቤቱን ይጎሽማል። ማሲንቆ የሰውን ድምፅ ሠፈር ይጋራል፤ ከንግግር ጋር ከገጠመ ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ ቃሏ ሲያልቅ ይግባ። ከዚያ በፊት ዝም ቢል ምን ይጎድላል? ለቅሶ እኮ የራሱ ድምፅ አለው።

ዘንድሮ አጭር ፊልም የምትሠሩ ጓደኞቻችን ኪቦርዱን ከመክፈታችሁ በፊት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሂዱና አንድ የማሲንቆ ተማሪ ፈልጉ። ክፍሉን እኛ እንሰጣለን፤ ብርድ ልብሱንም። የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲመቱ ቀረጻው ይቆማል፣ ሲገቡ ይቀጥላል።