ለእርጅና የሚሆን ቤት

በሄርማታና በአካባቢዋ ቡና ደኅና ዋጋ ያወጣ እንደሆነ፥ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያስበው ቤት መሥራትን ነው። ይህም ደግ አሳብ ነው። ነገር ግን ስለ ቆርቆሮው፥ ስለ ቀለሙና ስለ ፎቁ ብዙ ሲመከር፥ ከ20 ዓመት በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ማን በምን ጉልበት እንደሚራመድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚራመደውስ ያው ባለቤቱ ነው።

ሽማግሌን የሚጥለው ገደል አይደለም፤ ከአልጋው ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድበት መንገድ ነው። በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ የሚመላለስ ስለሆነ ግቢው ጭቃ ነው፤ መጸዳጃውም በጓሮ ጫፍ ነው። ለሱብሒ ሶላት ወይም ለኪዳን በጨለማ የሚነሡ አባቶችና እናቶች በዚያ ያልፋሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፥ በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ በቍጥርም የሚበልጡት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ አልጋ ላይ ሲውል የሳንባ ምችና የመኝታ ቍስል ይከተሉታል።

በጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቅ ያለው የእንጨት ሕንፃ ነውና፥ ፎቅ በዚህ አገር ከጥንት ክብር አለው። አንነቅፈውም፤ ወጣቶች ይውጡት። የአረጋውያን መኝታ ግን በምድር ቤት፥ ከመጸዳጃው አጠገብ ይሁን። እናትን ጢስ ከሚጤስበት ማድ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል አስቀምጦ ሳሎንን ለእንግዳ መዝጋትን ግን አጥብቀን እንቃወማለን።

ከደጃፍ እስከ መጸዳጃው ያለው መንገድ በሻካራ ሲሚንቶ ይለሰን፤ በአንድ ወገን በወገብ ልክ የእንጨት መደገፊያ ይተከልለት፤ ሌሊትም አምፑል ይብራበት። ዛሬ የተወደደው የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ እርጥብ እግር ሲያርፍበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቁጢጥ ብሎ መነሣት ለማይችል ሰው በመጸዳጃው ጕድጓድ ላይ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው መቀመጫ ይሠራለት። ውዱእ በሚደረግበትም ስፍራ እንዲሁ መቀመጫና ውሃው የሚወርድበት ቦይ ያስፈልጋል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን የጅማን በርጩማ እኛም እንወደዋለን፤ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ግን እጅግ ዝቅ ይላል። ለአያት የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ይቅረብለት።

«ልጆች አሉኝ፥ ይደግፉኛል» የሚሉ አሉ። ልጆች ለትምህርትና ለሥራ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ቢኖሩስ፥ ወደ መጸዳጃ በሰው ክንድ ተይዞ መሄድን የሚወድ ማን ነው? ሰው ገመናውን ራሱ ሊሸፍን ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ መሠረቱ ሲቆፈር ለግንበኛው ቢነገር ወጪው ጥቂት ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን በር ለማስፋትና ደረጃ ለማፍረስ እንደገና ቡና መሸጥ ይጠይቃል።