«ጠባያችን አልገጠመም» ማለት ይብቃን!

ለማኅበራችን አባላት በሙሉ፣

በሚመጣው እሑድ የጎርፍ መውረጃውን ሥራ የሚመራ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ እንመርጣለን። ከምርጫው በፊት ግን በየስብሰባው የሚሰማውን አንድ አጉል ሰበብ ማጋለጥ ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ጽፌአለሁ።

ሰበቡ የታወቀ ነው። ኮሚቴ ሲፈርስ «ምን ይደረግ፣ ጠባያቸው አልገጠመም» ይባላል። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሳያቀርብ ሦስት ወር ሲያልፈው «ተዉት፣ ዝርክርክ ነው፣ ጠባዩ ነው» እንላለን። ሰብሳቢው ሰው ሲያመናጭቅ «አፉ ነው እንጂ ሆዱ ምንም የለበትም» እንላለን። አሁን ደግሞ አንዳንድ ወጣቶቻችን በስልክ የጠባይ ፈተና እየወሰዱ «እኔ ለስብሰባ የምሆን ዓይነት ሰው አይደለሁም፣ ፈተናው ነግሮኛል» ማለት ጀምረዋል። ኧረ ጎበዝ! ጎርፉ እኮ የማንንም ጠባይ ጠይቆ አይገባም።

ስለዚህ ፈተና ጥቂት ልበል። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን፣ የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ካሳተመው መጽሐፍ ተነሥተው ያዘጋጁት ነው። ሰውን ሁሉ በ16 ዓይነት ይከፍላል። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግመው ሲፈተኑ ሌላ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። አሳታሚዎቹም ራሳቸው ሠራተኛ ለመምረጥ አይዋል ይላሉ። እነሱ ያላሉትን እኛ ለስንፍናችን መሸፈኛ ማድረጋችን ያሳፍራል።

ጠባይ የለም ማለቴ አይደለም። ቁጡ አለ፣ ዝምተኛ አለ፣ ወሬኛ አለ፣ ሁሉን ተጠራጣሪም አለ። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ብንሄድ የእኛ ችግር ደግሞ ለየት ይላል። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ በሦስቱም አብዛኞቻችን ከየአገሩ መጥተን በቦታ የተጎራበትን እንጂ አብረን ያደግን አይደለንም። አንዱ በጅማ መንገድ፣ አንዱ በአምቦ መንገድ፣ አንዱ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ጎህ ሳይቀድ አዲስ አበባ ወርዶ ማታ ይመለሳል። የጎረቤቱን ጠባይ የሚያውቀው በስብሰባ ላይ ነው፤ ያውም ሲጣላ።

ወደ ሰበታ ከመምጣቴ በፊት በኖርሁበት ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። ሰባት ሆነን ለቦይ ሥራ ተመረጥን፤ ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። ከመካከላችን አንድ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነበረ። ሌላው ዕድሜውን በድንጋይና በሲሚንቶ ያሳለፈ ዝምተኛ ግንበኛ ነው። መንገዱን አቋርጦ የሚያልፈው ቱቦ ሲወሰን ግንበኛው «ይኼ ይጠባል፣ የላይኛው ውሃ ሁሉ እዚሁ ነው የሚወርደው» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በዝግታ። ተናጋሪው «ብር የለንም፣ ይበቃል!» ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ግንበኛው አቀረቀረ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍሁ።

ሐምሌ ላይ ቱቦው ድንጋይና ቆሻሻ ጎርሶ ተደፈነ። ውሃው ተመልሶ እንጀራ ጋግረው ከሚያድሩ አንዲት እናት ቤት ገባ። ጤፉም፣ ሊጡም፣ ምጣዱም አንድ ላይ ተበላሸ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኮከባችን አልገጠመም» ብሎ ተበተነ።

ውሸት ነው! ኮከብ ቱቦ አያጠብም። የሚያውቀው ሰው ተናግሯል፤ የጠየቀው ግን የለም፣ የተናገረውም አልተጻፈም። ያልጻፍሁት እኔ ነኝ። የእኚያ እናት ምጣድ ዛሬም ይከነክነኛል።

አንዳንዶች «እንግዲያው ጎበዝ ጎበዙን ብቻ እንምረጥ» ይላሉ። ይህም ተሞክሯል። እንግሊዛዊው ሜሬዲት ቤልቢን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ብልህ ብልሆቹ ተመርጠው የተቋቋሙት ቡድኖች ብዙውን ጊዜ በሌሎቹ ተበልጠዋል። እርስ በርስ ሲከራከሩ ሥራው ይቀር ነበር። «ሰው እናብዛ» የሚሉም አሉ። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን ሰዎች ገመድ ሲስቡ ለክቶ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግን ሳቢው በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ቀንሶ ተገኝቷል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ስንል፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሎሚ ሲታደለው ነው እንጂ ክምሩን አሳይተን «አንሡ» ብለን ስንሄድ አይደለም።

መፍትሔውን ከሩቅ አንፈልገው፤ ዕድራችንን እንይ። ድምፀ ጎርናናው ጥሩምባ ይነፋል። ጠንቃቃው ገንዘብ ይይዛል። ቆጣሪው ሰው ድንኳንና ወንበር ይረከባል። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ «ጠባዬ ነው» ቢል ማንም አይሰማውም። ቁጡውም ዝምተኛውም አብረው ለቅሶ ይደርሳሉ። አባቶችስ ሰው ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ይሉን የለም ወይ? እሳትና ውኃ በአንድ ገላ ካደሩ ሰባት ሰው በአንድ አዳራሽ ሁለት ሰዓት መቀመጥ እንዴት ያቅተዋል?

ስለዚህ እሑድ እንዲወሰን የምጠይቀው፦

1ኛ/ ሰው ከመመረጡ በፊት ሥራው ተዘርዝሮ ይጻፍ። ተናጋሪው ወረዳ ሄዶ ይሟገት፣ ተጠራጣሪው ደረሰኝ ይመርምር፣ ግንበኛው ስለ ቱቦው የመጨረሻውን ቃል ይናገር።

2ኛ/ ሰብሳቢው ውሳኔ ከማሳለፉ በፊት ሰባቱንም በየተራ ይጠይቅ፤ ከዝምተኛው ይጀምር። የተቃወመ ሰው ቃሉ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

3ኛ/ ሒሳብ በየወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

4ኛ/ የቀረና ያዘገየ ይቀጣ፤ ቅጣቱ ለማንም ጠባይ ተብሎ አይነሣ።

ይህ ከተደረገ ቁጡው እንደ ተቆጣ፣ ዝምተኛውም እንደ ዝምታው ይቀመጥ፤ ቦዩ ይቆፈራል። ካልተደረገ ግን ሰባት መልአክ ብንመርጥም ሐምሌ ላይ ውሃው ከአንዳችን ጓዳ ይገባል። ክረምቱ ሳይደርስ እንንቃ!

ከማኅበሩ አባላት አንዱ