ትኋን በጋራ ሕንፃ፦ በሐይቅና በአምባሰል ከንክሻው የባሰው አደጋ

ትኋን ሰው ከሚያፍርባቸው ችግሮች አንዱ ነው። ቤቱ የገባበት ሰው ለጎረቤት አይናገርም፣ ተከራይ ከሆነ ደግሞ «ውጣ» እንዳይባል ለአከራዩ ይደብቃል። ሌሊቱን ሲታከክ አድሮ ጠዋት ከገበያ መድኃኒት ገዝቶ በሩን ዘግቶ ይረጫል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ ተጋርተው በሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል ግን ይህ ዝምታ ሁለት ጉዳት አለው። ትኋኑ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛመታል፤ በድብቅ የተረጨው ወይም የተቀመጠው መርዝም አብሮት ይሻገራል። ከሁለቱ ሰው የሚገድለው ሁለተኛው ነው።

በደቡብ ወሎ ይህን ጉዳይ አሁን ማንሳት ለምን አስፈለገ?

የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሐይቅና የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። መንገደኛው፣ ነጋዴው፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄደው ምእመን፣ ከዐረብ አገር የሚመለሰው ልጅ ሁሉ በዚህ መስመር ያልፋል፤ በየአልጋ ቤቱም ያድራል። ትኋን አይበርም፣ አይዘልም። ከቦታ ቦታ የሚሄደው በሻንጣ፣ በብርድ ልብስ፣ በፍራሽና በአልጋ ተደብቆ ነው።

በዚህ ላይ የቅርብ ዓመታት ታሪካችን አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ወሎን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ቤት ተዘርፏል፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖችም በሐይቅ አቅራቢያ እንደ ጃሪ ባሉ መጠለያዎች ለዓመታት ኖረዋል። የተዘረፈ ቤት እንደገና ሲሟላ ያገለገለ አልጋና ፍራሽ መግዛት፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ማደር፣ ልብስ መዋዋስ የማይቀር ነው። ትኋንም የሚፈልገው ይህንኑ የሰውና የዕቃ ጥግግት ነው። ይህን የምንለው በተፈናቃዩ ወይም በድሃው ለማመካኘት አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ከአሥር ቤተሰብ ከአንድ በላይ በሚሆነው ቤት ትኋን መግባቱን የአገሪቱ የጤና ደኅንነት ተቋም አስታውቋል። ንጹሕ ቤትም፣ ሀብታም ቤትም ይገባል። ንጽሕና የሚጠቅመው ቶሎ ለማየትና መደበቂያ ለማሳጣት ነው።

ትኋን በሽታ ያስተላልፋል?

እስካሁን ባለው የሕክምና እውቀት ትኋን ከሰው ወደ ሰው በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ኤች አይ ቪንም ሆነ የጉበት ቫይረስን አያስተላልፍም። ይህ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ንክሻው ያሳክካል፤ በጥፍር ሲታከክ ቆዳው ይላጥና ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱ ሠራተኛውን ያዳክማል፣ ተማሪውን ያፈዛል፣ የታመመውን ሰው ማገገም ያዘገያል። ትኋኑ እጅግ በበዛበት ቤት ሕፃናትና አረጋውያን ላይ የደም ማነስ እስከማስከተል ሊደርስ ይችላል።

ንክሻው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ባልተሸፈነ የሰውነት ክፍል ላይ፣ በፊት፣ በአንገት፣ በክንድና በእግር፣ ተራ በተራ ተሰልፎ ወይም ተጠጋግቶ ይታያል። አንዳንዱ ሰው በማግሥቱ ያብጥበታል፣ አንዳንዱ ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዱም ምንም ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ባል ሲያሳክከው ሚስት ምንም ካልሆነች «ቤታችን ትኋን የለም» ብሎ መደምደም አይገባም።

ከእከክና ከቅማል ይለዩት

በአማራ ክልል በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት የእከክ ወረርሽኝ ተከስቶ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። እከክን የምታመጣው በዓይን የማትታይ፣ ቆዳ ውስጥ የምትኖር ተባይ ናት። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብና በብልት አካባቢ ይበረታል፤ ከሰው ወደ ሰውም በአካል ንክኪ ይተላለፋል። መድኃኒቱ በሐኪም የሚታዘዝ ሲሆን መላው ቤተሰብ አብሮ መታከም አለበት። ትኋን ግን ሰው ላይ አይኖርም፤ ጠጥቶ ወደ አልጋውና ወደ ግድግዳው ይመለሳል። የትኋን ንክሻ ያለበትን ሰው በእከክ ቅባት መቀባት ትርፉ ወጪ ነው፤ እከክ ያለበትን ሰው ትቶ ቤት መርጨትም እንዲሁ።

የልብስ ቅማል ደግሞ በልብስ ስፌት ውስጥ የምትኖር ሌላ ተባይ ናት። ግርሻና ተስቦ የተባሉትን አደገኛ በሽታዎች የምታስተላልፈው እርሷ ናት። ከማሳከክ ጋር ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ «ትኋን ነው» ብለው ቤት አይቀመጡ፤ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ገዳዩ የነቀዝ ክኒን

ገበሬው እህሉን ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚጠቀምበት ክኒን አለ። በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። እህል በሚመረትበት አገር ይህ ክኒን ለእጅ ቅርብ ነው፤ «ነቀዝን ከገደለ ትኋንንም ይገድላል» ብሎ አልጋ ሥር ማስቀመጥም ቀላል ይመስላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በኤሌክትሪክ መስመር ቀዳዳና በበር ሥር አልፎ ጎረቤት ክፍል ይገባል። ክኒኑን ያስቀመጠው ሰው ቤቱን ዘግቶ ሌላ ቦታ ሲያድር፣ ምንም የማያውቀው ጎረቤት ከልጆቹ ጋር ተኝቶ ሊመረዝ ይችላል። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም የሚያደርገው የታማሚውን ልብና ሳንባ መደገፍ ነው። ሕፃናት ቶሎ ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ በካናዳ ፎርት ማክመሪ ከተማ አንድ ቤተሰብ ከውጭ አገር ያመጣውን እንዲህ ያለ ክኒን ለትኋን ብሎ በአፓርታማው ውስጥ ተጠቅሞ ሁለት ሕፃናት ሞተዋል።

ስለዚህ የነቀዝ ክኒን ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ በፍጹም አይጠቀሙ። ተቀምጦ ካገኙ ውኃ አያፍስሱበት፤ ውኃ ጋዙን በአንድ ጊዜ ያበዛዋል። ሁሉም ሰው ቤቱን ለቆ ይውጣ፣ የጎረቤት ክፍሎችም ይነገራቸው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የደረት መጨነቅ ወይም ሳል የጀመረው ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ፤ ምን መርዝ እንደሆነም ለሐኪሙ ይነገር።

ማላታይን የመሳሰሉ የእርሻ መድኃኒቶችን በፍራሽ ላይ መርጨትም አደገኛ ነው። ምራቅ መዝረብረብ፣ ማላብ፣ የዓይን እንባ፣ የሆድ ቁርጠትና የትንፋሽ ማጠር የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ደግሞ ብዙ ቤት አቃጥለዋል።

«መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው ለምንድን ነው?

ትኋን መድኃኒት መልመድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዲዲቲን የተቋቋመ ትኋን የታየው ገና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጡት አብዛኞቹ ፍሊቶች ፓይረትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ በብዙ አገር ያለው ትኋንም ለምዷቸዋል። ፍሊት ሲነፋበት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሸሻል እንጂ ሁሉም አይሞትም። ሌላው ምክንያት እንቁላሉ ነው። አንዲት ሴት ትኋን በሕይወት ዘመኗ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም በሙቀት ጊዜ ከ6 እስከ 10 ባሉ ቀናት ይፈለፈላል። አንድ ጊዜ ረጭቶ የተወ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ትውልድ ያገኛል። ቤቱን ዘግቶ መሄድም አያዋጣም፤ ትኋን ደም ሳይጠጣ ለወራት መቆየት ይችላል።

አጎበሩን አይጣሉ

የወባ አጎበር የተነከረበት መድኃኒት ከዚሁ ከፓይረትሮይድ ቤተሰብ ነው። አጎበር አዲስ ሲመጣ ትኋኑንም ስለሚገድል ሰው ይወደዋል። ትኋኑ መድኃኒቱን ሲለምድና በአጎበሩ ስፌት ውስጥ መደበቅ ሲጀምር ግን «አጎበሩ ነው ትኋን ያመጣብን» ተብሎ ይጣላል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ትኋን ያሳክካል፤ ወባ ይገድላል። አጎበሩን በብርሃን ፊት ዘርግተው ስፌቱን ይፈትሹ፣ ያገኙትን ለቅመው ይግደሉ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥበው ጥላ ላይ ያስጡ። አይቀቅሉት፤ መድኃኒቱ ይጠፋል።

በሕንፃው ውስጥ ምን ይደረግ?

1. ያረጋግጡ። የፍራሹን ስፌት፣ የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የማብሪያ ማጥፊያ ዙሪያና ከስዕል ጀርባ በባትሪ ይመልከቱ። ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተጣለ ቅርፊት፣ በአንሶላ ላይ የደም ጠብታ ምልክት ነው። ያደገው ትኋን ጠፍጣፋ፣ ቡናማና ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

2. ይናገሩ። ግራና ቀኝ፣ ከላይና ከታች ያሉት ክፍሎች በአንድ ሰሞን ካልተፈተሹ ሥራው ከንቱ ነው። በጋራ ሕንፃ የባለቤቶች ማኅበር፣ በኪራይ ግቢ አከራዩ፣ በሰፈር ደግሞ ቅሬው ወይም እድሩ ይህን ሊያስተባብር ይችላል። የነፍሳትና የአይጥ ቁጥጥር ከጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ ስለሆነ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠይቁ። አከራይም የነገረውን ተከራይ ሊያመሰግነው እንጂ ሊያባርረው አይገባም፤ የተባረረ ተከራይ ትኋኑን ይዞ ይሄዳል፣ የቀረውም በግድግዳው ውስጥ ይኖራል።

3. ሙቀት ይጠቀሙ። ከ50 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል። ሙቀት የሚችለውን ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ይዘፍዝፉ፤ የማይችለውን በጋለ ካውያ ይተኩሱ። በብረት አልጋ መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውኃ ያፍስሱ፤ ልጆች ግን እንዳይቃጠሉ ያርቁ። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ የሐይቅ ፀሐይ ውስጡን እስከዚህ አያሞቀውም።

4. መደበቂያ ያሳጡት። ስንጥቁን በጀሶ ወይም በሲሚንቶ ይድፈኑ። አልጋውን ከግድግዳ ያርቁ፣ እግሮቹን ሳሙና ያለው ውኃ በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ያቁሙ፣ ብርድ ልብሱ መሬት አይንካ።

5. ይድገሙ። ከ10 እስከ 14 ባሉ ቀናት እንደገና ይፈትሹ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር ይከታተሉ። ርጭት የግድ ካስፈለገ ለቤት ውስጥ የተፈቀደ መድኃኒት የሚጠቀም ባለሙያ በሁሉም ክፍሎች በአንድ ቀን ይሥራው።

6. ዕቃውን በሚስጥር አይጣሉ። ትኋን ያለበት ፍራሽ መንገድ ላይ ቢጣል ሌላ ሰው ያነሣዋል። ቀደው በላስቲክ ጠቅልለው ያስወግዱ።

ለአስታማሚዎች

በሆስፒታል መሬት አንጥፎ የሚያድር አስታማሚ ሻንጣውን በላስቲክ ከረጢት አሥሮ ከመሬት ያንሳ። ቤት ሲመለስ ያደረበትን ልብስና ብርድ ልብስ አልጋ ላይ ሳያሳርፍ በቀጥታ ወደ ፈላ ውኃ ያስገባ።

ለንክሻው በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝና ካላሚን መቀባት ማሳከኩን ያስታግሳል። ማሳከኩ ከበረታ የአለርጂ ክኒን በፋርማሲ ባለሙያ ምክር መውሰድ ይቻላል። ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ሕፃኑ ከገረጣ ወይም ማሳከኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልተወ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የቆዳ ሕክምና ካስፈለገ ደሴ አጠገብ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ሙያ የታወቀ ነው። የከንፈር ወይም የምላስ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ግን ቀጠሮ የማይሰጠው ድንገተኛ ሕመም ነው።

ዛሬ ማታ በባትሪ ፈትሸው ካገኙ መጀመሪያ የጎረቤትዎን በር ያንኳኩ። መርዝ ከመግዛት የሚቀድመው ይህ ነው።