ጥቁር ቀበቶ እና የሰፈር ጠብ

ወላጅ ልጁን ቴኳንዶ ወይም ካራቴ ሲያስመዘግብ ከሚያነሳቸው ምክንያቶች አንዱ «ራሱን እንዲከላከል» የሚል ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች አሰልጣኞች ይህን ጥያቄ በ«አዎ» ይመልሳሉ፤ ልጁም ነጭ ቀበቶውን ታጥቆ ሰልፍ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ቀበቶው ጥቁር ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ከልቡ ሊመታው ከሚሞክር ሰው ጋር ስንት ጊዜ ተፋጠጠ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሥልጠናው ራስን ለመከላከል ይበቃል ወይ ለሚለው መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በካዛንቺስ የምሽት ጎዳና ላይ ወይም በቂርቆስ ጠባብ መንገድ ውስጥ የሚነሳ ጠብ ዳኛም ምንጣፍም የለውም። ባላጋራው ርቀቱን ጠብቆ፣ አንድ ቡጢ ሰንዝሮ ምላሽ እስኪሰጠው አይጠብቅም። ኮሌታ አንቆ ይጎትታል፤ ጓደኛው ከኋላ ይመጣል፤ ስለት ሊወጣ ይችላል። የተደባዳቢው ልብ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ከፊቱ ካለው በቀር ሌላ አያይም። በእርጋታ የተጠና ረቂቅ እንቅስቃሴ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። የሚተርፈው በጫና ውስጥ ደጋግሞ የተሠራው ብቻ ነው።

በአገራችን የተስፋፉት ሁለቱ የቴኳንዶ ዘርፎች ይህን ጫና የሚለማመዱት በየራሳቸው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን 24 ፓተርኖች አሉት፤ ሠልጣኙ ብቻውን፣ በአየር ላይ፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል ይሠራቸዋል። ከሲድኒ 2000 ጀምሮ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ወርልድ ቴኳንዶ ደግሞ ግጥሚያው ብርቱ ነው፤ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ በኦሎምፒክ ቴኳንዶ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን የበቃው ከተፎካካሪዎች ጋር ተፋልሞ ነው። ሆኖም በዚህ ስፖርት ፊትን በቡጢ መምታት፣ ይዞ መጣልና ከወገብ በታች መምታት ክልክል ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች እጃቸውን ዝቅ አድርገው ቢንቀሳቀሱ አይገርምም፤ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ሰፈር ውስጥ የሚወረወረው የመጀመሪያ ምት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት የሚመጣ ቡጢ ነው። ይህ የስፖርቱ ጉድለት አይደለም። ፈተናው ሌላ፣ ጥናቱ ሌላ መሆኑ ነው።

ይህን ልዩነት ቀድሞ የተረዳው ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን ሲመሠርት ከጥንቱ ጁጂትሱ አደገኛ የሆኑትን ቴክኒኮች ከነፃ ግጥሚያው አወጣ። ይህ ጥበቡን ያለዘበ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ሆነ። ዓይን መውጊያውና መገጣጠሚያ መስበሪያው በጓደኛ ላይ በሙሉ ኃይል ሊሞከር ስለማይችል ሁልጊዜ በይስሙላ ብቻ ይሠራ ነበር። መጣሉና መያዙ ግን ሙሉ በሙሉ እምቢ ከሚል ሰው ጋር በየቀኑ ሊሠራ ይችላል። ከጁዶ የተወለደው የብራዚል ጁጂትሱ ተወካይ ሮይስ ግሬሲ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1993 በዴንቨር በተካሄደው የመጀመሪያው የዩኤፍሲ ውድድር ከእሱ የሚከብዱ ተፋላሚዎችን ጭምር ረትቶ ያሸነፈው በዚሁ ዓይነት ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በቻይናዋ ቼንግዱ፣ የድብልቅ ፍልሚያ ተጋጣሚው ሹ ሺያዶንግ ዝነኛውን የታይ ቺ መምህር ዌይ ሌይን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ዘረረው። መምህሩ ዕውቀት አላነሰውም፤ ያነሰው ዕውቀቱን የሚፈትን ባላጋራ ነው።

«ባህላዊ» የሚለው ቅጽል በራሱ ጥፋተኛ እንዳልሆነ የሚያሳየው ምስክር ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። የሱርማ ወጣቶች ዶንጋ በሚባለው ፍልሚያ በረዣዥም ዱላ ይገጥማሉ። ዱላው በእውነት ያርፋል፤ መግደል ግን ነውርና ክልክል ነው፤ ዳኞችም አሉት። ወጣቱ ርቀትን፣ ሕመምንና ድንጋጤን የሚማረው ከሚከላከልና መልሶ ከሚመታ ሰው ነው። ጥበቡ ከጥንት የመጣ ነው፤ ፈተናው ግን ሕያው ነው።

ለሥልጠናው የሚሟገቱ ሰዎች ትክክል የሆነ ነገር ይናገራሉ፦ ሥልጠና ሰውነትን ያጠነክራል፣ ሥነ ሥርዓት ያስይዛል፣ በራሱ የሚተማመን ልጅ ለጠብ አይቸኩልም። ይህ እውነት ነው፤ ለብዙ ቤተሰብም በቂ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ይህ ጥቅም ራስን ከጥቃት መከላከል ተብሎ ሲሸጥ ነው። በአየር ላይ ብቻ የመታ፣ ራሱን ግን የማይበገር አድርጎ የሚያይ ልጅ፣ መሮጥ በሚገባው ሰዓት ሊቆም ይችላል። ምንም ካልተማረ ልጅ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠው እሱ ነው።

ሕጉም በሥልጠናው ውስጥ ሊገባ ይገባዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም በቅርብ ሊደርስ ያለ ሲሆን፣ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ ካልተቻለና መከላከሉ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ ነው። አንቀጽ 79 ከዚህ መጠን ስለማለፍ ይደነግጋል። ወድቆ የተሸነፈን ሰው ደጋግሞ መርገጥ በአዳራሽ ጭብጨባ ቢያስገኝም በፍርድ ቤት ሌላ ስም አለው። መቼ መራቅ፣ መቼ መጮህ፣ መቼ ማቆም እንዳለበት ያልተማረ ሠልጣኝ ራስን መከላከል ተምሯል ማለት ያስቸግራል።

ለአሰልጣኞች የሚቀርበው ጥያቄ ፓተርን ይቅር የሚል አይደለም። በየሳምንቱ የተወሰነ ጊዜ ለነፃ ግጥሚያ ይመደብ፦ የጥርስ መከላከያና ጓንት ተደርጎ፣ ኃይሉ በየደረጃው እየጨመረ፣ ፊት ላይ የሚመጣ ቡጢን፣ ተይዞ መጎተትንና መሬት ላይ መውደቅን ጨምሮ። የጥቁር ቀበቶ ፈተናም አስቀድሞ ስምምነት ከሌለው ባላጋራ ጋር የሚደረግ ዙር ይኑረው። ለስፖርት ወይም ለጤና ብቻ የሚያሠለጥን ክለብ ደግሞ ይህንኑ በምዝገባ ቀን ለወላጅ በግልጽ ይናገር።

ጉዳዩ በካዛንቺስ ልጆች ላይ ዛሬ የበለጠ ይጫናል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል፤ አብረው ያደጉ ልጆችም ተበትነዋል። ፓተርንን ማንም ልጅ በአዲሱ ግቢው ብቻውን ሊሠራው ይችላል። ለግጥሚያ ግን ሁለተኛ ሰው፣ የሚቆጣጠር አሰልጣኝና ለመውደቅ የሚሆን ምንጣፍ ያስፈልጋል። ክፍለ ከተሞችና የስፖርት ቢሮው በአዲሶቹ መንደሮች የሠፈሩትን ወጣቶች ሲያስቡ አስቀድመው ሊያሟሉ የሚገባቸው እነዚህን ሦስቱን ነው።