መኪናዋ ረክሳለች፤ መለዋወጫዋ ግን አልረከሰም

ሃያ ዓመት የሞላት ፖርሽ ቦክስተር ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከአዲስ ቶዮታ ኮሮላ ባነሰ ዋጋ ትገዛለች። በልጅነቱ የስፖርት መኪና ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ላደገ፣ አሁን ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወጣት ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ዕቁቡ ሲደርሰው ሙሉውን ከፍሎ ይዟት መሄድ ይችላል። መግዛቱ ነውር የለውም። ጣጣው የሚጀምረው ሻጩ ፊት ቆሞ ከሚጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች ነው፦ "ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?" እና "ፉል ኦፕሽን ናት?"። ያገለገለ ስፖርት መኪና ሲገዛ ሁለቱም ጥያቄዎች ወደማያዛልቅ መኪና ይመራሉ።

ጥያቄዎቹ ከየት እንደመጡ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና እንደ ቤት የሚታይ ሀብት ነው። ዓመታት ተነድቶ በተገዛበት ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸጣል። ለረጅም ጊዜ የቆየው ከባድ ቀረጥ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ኋላ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህ ሁሉ ምክንያት አገር ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። እንዲህ ባለ ገበያ "ፉል ኦፕሽን" የሚለው የደላላ ቃል ትርጉም አለው፤ የተከፈለበት ሲሸጥ ይመለሳል።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መኪና ከሻጭ ግቢ በወጣችበት ቀን መርከስ ትጀምራለች። የመጀመሪያው ባለቤት ለቆዳው፣ ለትልልቁ ቸርኬ፣ ለናቪጌሽኑ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሏል፤ ከ15 ዓመት በኋላ ገበያው ከዚያ ገንዘብ አብዛኛውን ረስቶታል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ገዢ ኦፕሽኑን በነጻ ያገኘ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነው ስሌቱ የሚሳተው። መኪናዋ ስትረክስ መለዋወጫዋ አብሯት አይረክስም። አዲስ ሳለች ከ40 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጠች መኪና ዛሬ በ12 ሺህ ብትገዛም፣ የፍሬን ዲስኳም ሆነ የመካኒኳ የሰዓት ክፍያ የሚሰላው የ12 ሺህ ዶላር መኪና ናት ተብሎ አይደለም። ስለዚህ ለሦስተኛው ገዢ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኦፕሽን ቀኑ ያልደረሰ ደረሰኝ ነው።

ከሞተሩ እንጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦክስተርና ጣሪያዋ የማይከፈተው እህቷ ኬይማን ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ምክንያቱም በየዘመኑ ሁለት ሞተር፣ ተራውና "ኤስ" የተባለው፣ ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር። የ2007ቱን ኬይማን ብንወስድ ተራው 2.7 ሊትር ሆኖ 245 የፈረስ ጉልበት አለው። ኤሱ 3.4 ሊትር ነው፤ 295 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ከ0 ወደ 60 ማይል ለመድረስ ተራው 5.8 ሰከንድ፣ ኤሱ 5.1 ሰከንድ ይፈጅበታል ይላል የፋብሪካው ቁጥር። ሁለቱን የሚለያያቸው የሰከንድ ሰባት አሥረኛ ነው።

ይህችን ሰባት አሥረኛ ሰከንድ በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው 495 አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የሚያገኛት የለም። የተራው ሞተር ባለቤት ግን ሌላ ጥቅም አለው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚኑን እስከ ጥግ ረግጦ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ፖሊስ የሚያስቆምበት ፍጥነት ላይ ለመድረስ ትንሽ ይዘገያል። ትንሽ ሞተር ያላት ስፖርት መኪና መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ ትሠራለች፤ ትልቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱን ቆጥቦ ይዞ ይውላል። ለደስታ ከተገዛች፣ ደስታው ያለው በምትጠቀምበት ጉልበት ነው።

ከጉልበቱ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ ይህ ሞተር ሲሞት በምን ይሞታል? እያንዳንዱ ሞተር የሚታወቅበት ደዌ አለው፤ ያንን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ዕጣ እየጣለ ነው።

ከ1997 እስከ 2008 በተሠሩት የቦክስተርና የኬይማን ሞተሮች ውስጥ ቫልቮቹን ለሚያንቀሳቅሱት ሰንሰለቶች ኃይል የሚያስተላልፍ መካከለኛ ዘንግ አለ። የዘንጉ አንድ ጫፍ የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታው ግሪሱን ይዞ የታሸገ ሲሆን፣ ማሸጊያው ሲደርቅ የሞተር ዘይት ይገባና ግሪሱን ያጥበዋል። ከዚያ ኩሽኔታው ይበላል፤ ሲሰበር ሰንሰለቱ ይስታል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የሚተርፍ ነገር ጥቂት ነው፤ ሞተሩን አውርዶ ማደስ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ድርብ ኩሽኔታ ስላላቸው ስጋታቸው አነስተኛ ነው። ከ2000 አካባቢ እስከ 2005 የገባው ነጠላ ኩሽኔታ ነው በይበልጥ የሚታማው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ከ2001 እስከ 2005 የነበሩ ቦክስተሮችንና 911ዎችን የሚመለከት የጋራ ክስ በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል።

አብዛኞቹ መኪኖች ይህ አደጋ ሳይደርስባቸው እየተነዱ ነው፤ ስለዚህ ወሬውን ሰምቶ መሸሽ አያስፈልግም። ኩሽኔታው ካምቢዮው ሲወርድ ሊቀየር ይችላል፤ ብልህ ባለቤት ፍሪሲዮን ሲያስቀይር አብሮ ያስቀይረዋል። የዚህ ሥራ ደረሰኝ ያላት 2.7 ሊትር ቦክስተር፣ ደረሰኝ ከሌላት ኤስ በብዙ ትሻላለች። ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ተለቅ ያለ ኩሽኔታ ስላላቸው የሚሰበረው አልፎ አልፎ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ሳይከፈት አይወጣም። የ2005ቶቹ ከሁለቱ አንዱን ሊይዙ ይችላሉ፤ ስለዚህ የትኛው እንዳለ ሳይረጋገጥ መግዛት አይገባም።

ትልቁ ሞተር ደግሞ የራሱ ደዌ አለው። ከ2006 እስከ 2008 በኬይማን ኤስ፣ በ2007 እና በ2008 በቦክስተር ኤስ የገባው 3.4 ሊትር ሞተር የሲሊንደሩ ግድግዳ በፒስተኑ እየተጫረ በመበላት ይታወቃል። ብርድ ያለበት አገር ሞተሩ ሳይሞቅ አጥብቆ የሚረግጥ ነጂ ያባብሰዋል። ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ሲሞቅም የማይጠፋ የመታ መታ ድምፅ ይሰማል፣ የማርሚታው ጫፍ በጥላሸት ይጠቁራል። 2.7 ሊትሩ በዚህ እምብዛም አይታማም። እንግዲህ ለ50 የፈረስ ጉልበት ብሎ ትልቁን የመረጠ ሰው፣ ከጉልበቱ ጋር ትልቅ ስጋት ጨምሮ ገዝቷል። "ኤስ ካልሆነ አትግዛ" የሚል ጓደኛ ይህን አይነግረውም።

በ2009 ፖርሽ ሞተሩን ከሥሩ ለወጠ፤ ያ መካከለኛ ዘንግና ኩሽኔታው ጨርሶ ቀረ። ተራዋ ቦክስተር 2.9 ሊትርና 255 የፈረስ ጉልበት፣ ኤሷ 3.4 ሊትርና 310 የፈረስ ጉልበት አላት። ለዚህ ዘመን ብቻ ኤስን መምረጥ ምክንያት አለው። ገንዘቡ የሚበቃው ሰው የፈረስ ጉልበት ከሚጨምር ዓመት ይጨምር። ለ2007 ኤስ የሚከፈለው ገንዘብ ላይ ጥቂት ታክሎ የ2009 ተራዋን መግዛት የተሻለ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣል።

ወደ ኦፕሽን እንምጣ። ሕጉ ቀላል ነው፦ በኋላ ሊጨመር የማይችለውን ምረጥ፤ ሊጨመር የሚችለውን ወይም የሚበላሸውን እርሳው።

በኋላ የማይቀየሩት ጥቂት ናቸው። አንደኛው ካምቢዮ ነው። እስከ 2008 የነበረው አውቶማቲክ ቲፕትሮኒክ አምስት ማርሽ ያለው፣ ዘገምተኛ ነው፤ ያንን ለብዙ ሰዓት ትራፊክ ውስጥ ለሚውል ሰው ካልሆነ በቀር ማንዋሉ ይሻላል። በ2009 የመጣው ባለ ሰባት ማርሹ ፒዲኬ ግን ፈጣንና ብልህ ነው፤ እሱን መምረጥ አያሳፍርም። ሁለተኛው ወንበር ነው፤ ሰውየው በየቀኑ የሚነካው እሱን ነው፣ ለወገቡ የሚመች ወንበር ከናቪጌሽን ይበልጣል። ሦስተኛው ቀለም ነው፤ የማይወዱት ቀለም ያላት መኪና ሁልጊዜ የሌላ ሰው መኪና ትመስላለች።

የሚበላሹት ብዙ ናቸው። በኤሌክትሪክ የሚጠነክርና የሚላላው ሾክ አብዞርበር ሲያልቅ ከተራው እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ይተካል። ቢጫ ካሊፐር ያለው የሴራሚክ ፍሬን ለውድድር ሜዳ ድንቅ ነው፤ ዲስኮቹ ማለቅ ሲጀምሩ ግን ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚጠይቁ አውልቀው በተራ ብረት የሚተኩት ባለቤቶች አሉ። 19 ኢንች ቸርኬ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ክረምት አስፋልቱን ከቦረቦረው በኋላ ግን ጎማው ቀጭን ስለሆነ ቸርኬው ይጣመማል። በዲስክ የሚሠራው የድሮ ናቪጌሽን ዛሬ ከማንኛውም ስልክ ያነሰ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ሰዓት የሚያስቀምጠው ስፖርት ክሮኖ ማንዋል መኪና ላይ ከቤንዚን ፔዳሉ መፍጠን ያለፈ ብዙ አይሰጥም። እነዚህ ኖረው ቢገኙ አይጠሉ፤ ለእነሱ ብሎ አንድ ሺህ ዶላር መጨመር ግን ሞኝነት ነው።

"ኤስ ሲሸጥ ዋጋ ይይዛል" የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት ነው፣ ኤስ ከተራው በላይ ይሸጣል። ሲገዛም ግን ከተራው በላይ ነበር፤ መሃል ላይ ያለውን ጥገናም በላይ ይከፍላል። ዋጋ የሚይዘው በኋላዋ የተለጠፈው ፊደል ሳይሆን ሳጥን ውስጥ ያለው የደረሰኝ ክምር ነው። በሌላ በኩል "የጀርመን መኪና ምን ይሠራልሃል፣ ቶዮታ ይበቃሃል" የሚሉ ታላላቆች አሉ። ምክራቸው ለሥራ መኪና ፍጹም ትክክል ነው። ሰው ግን ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ አንድ የሚወደው ነገር ቢኖረው ክፉ አይደለም። ክፉው ሥራ የሚሄድበትን መኪና ሸጦ በዚህ መተካቱ ነው።

ግዢው ራሱ ልማድ መቀየርን ይጠይቃል። የእኛ ሰው መኪና ሲያይ ኮፈን ያስከፍታል፣ ሞተር ያስነሳል፣ አንድ የሚያውቀው መካኒክ ጆሮውን ይሰጣል። የቦክስተር ሞተር ከወንበሩ ጀርባ መሃል ላይ ተቀብሮ ነው ያለው፤ የፊቱ ኮፈን ሲከፈት የሚታየው የሻንጣ ቦታ ነው፣ ከኋላም የዘይትና የኩላንት መሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን መኪና ዕለት ዕለት የሚሠራ ጋራዥ ጥቂት መቶ ዶላር ተከፍሎት ሊፍት ላይ አውጥቶ ይመርምራት። የዘይት ፊልትሮው ተከፍቶ የብረት ብናኝ እንዳለው ይታይ። ካንዴላው ወጥቶ በትንሽ ካሜራ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይታይ። ማንዋል ከሆነች፣ ሞተሩ ስንት ጊዜ ከልክ በላይ እንደዞረ ኮምፒዩተሩ መዝግቦታልና ይነበብ። የፊት ራዲያተሮቹ ቅጠል ይሰበስባሉ። የጣሪያው የውሃ መውረጃ ሲደፈንም ውሃው ወንበር ሥር ያለው የቁልፍና የማንቂያ ኮምፒዩተር ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ምንጣፉ በእጅ ይዳሰስ። ሻጩ ምርመራውን ከከለከለ ንግግሩ አለቀ ማለት ነው።

ገንዘቡም ሲያዝ ሁሉም አይወጣ። 15 ሺህ ያለው ሰው የ11 ሺህ ወይም የ12 ሺህ መኪና ይግዛ፤ ቀሪው ለፍሪሲዮኑ፣ ለኩሽኔታው፣ ለጎማው ይቀመጥ። ዕቁብ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ነው፤ ጋራዥ ግን ተራ አይጠብቅም። ያንን ያላሰበ ሰው ጥገናውን ከ20 በመቶ በላይ ወለድ በሚቆጥር ክሬዲት ካርድ ይከፍላል። ከዚያ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ይዘገያል፣ መኪናዋም አፓርታማው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ትቆማለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ግዢ ነው።

ትንሿን ሞተር፣ ጥቂቱን ኦፕሽን፣ ብዙውን ደረሰኝ የመረጠ ሰው በገንዘቡ የሚነዳት መኪና ያገኛል። ቅዳሜ ጠዋት ጣሪያዋን ከፍቶ ወደ ሸናንዶዋ ተራራ ሲወጣ፣ ከኋላዋ "ኤስ" የሚል ፊደል መጉደሉን የሚያስታውሰው አይኖርም።